የእናቴ እግር ይቀዘቅዛል፤ በአዩርቬዳ ላሳክማቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሻርጃ ነው። እናቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ደሴ ይኖራሉ። የስኳር ሕመም ከያዛቸው 11 ዓመት ሆኗል፤ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ካለፈው ዓመት ወዲህ እግራቸው ይቀዘቅዛል፤ ጣቶቻቸው ይደነዝዛሉ። ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። አብራኝ የምትሠራ የኬረላ (ደቡብ ህንድ) ሴት የአዩርቬዳ፣ ማለትም የህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ክሊኒክ ጠቁማኝ ሄጄ ስጠይቅ የ14 ቀን ሕክምና አለ አሉኝ፤ በዘይት መታሸት፣ በእንፋሎት መታጠን፣ በአልቅት ደም ማስመጠጥ፣ ከዚያ ሦስት ዓይነት እንክብል። ወደዚህ ላምጣቸው? ወይስ እንክብሉን ብቻ ልላክላቸው?

ምላሽ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩት። የተማርኩትም የምሠራበትም አዩርቬዳ ነው፤ ስለዚህ ሙያውን አቃልዬ እንዳልተናገርኩ ይረዱኝ። ከጻፉልኝ ውስጥ ግን አንዱ ነገር በጣም አሳስቦኛል። እናትዎ ሲራመዱ ባታቸውን የሚይዛቸው፣ ሲቆሙ የሚለቃቸው ሕመም ብዙ ጊዜ የደም ቅዳ መጥበብ ምልክት ነው። ይህ ሳይመረመር ዘይትም፣ እንፋሎትም፣ አልቅትም፣ እንክብልም አይቅደም።

ጡንቻ ሲሠራ ብዙ ደም ይፈልጋል። ከልብ ወደ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ በስብና በካልሲየም ክምችት ሲጠብ፣ የሚያሳልፈው ደም ለተቀመጠ ሰው ይበቃል፤ ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን ያንሳል። ባት የሚያመው ያኔ ነው። ሰውየው ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ የጡንቻው ፍላጎት ይቀንስና ሕመሙ ይተዋል። ሕመሙ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በተመሳሳይ ርቀት ላይ መጀመሩም ሌላው መለያው ነው። እስኪ እናትዎን ስልክ ደውለው ይጠይቋቸው። "ሁልጊዜ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ነው የሚይዘኝ" የሚል ዓይነት መልስ ከሰጡዎት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቆመው ብቻ የማይለቃቸው፣ ቁጭ ብለው ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ የሚተዋቸው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከወገብ አጥንት ሊመጣ ይችላልና እሱንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የጣቶቹ መደንዘዝ ሌላ መነሻ አለው። ስኳር ለረጅም ዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ረጃጅሞቹን ነርቮች ከጫፋቸው ጀምሮ ይጎዳል። ስለዚህ መደንዘዙና ማቃጠሉ ከእግር ጣት ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እኛ አገር አንዱ ጎረቤት "ነርቭ ነው" ይላል፣ ሌላው "ደም አልደርስ ብሎ ነው" ይላል፤ ስኳር ባለበት ሰው ላይ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ነርቩ የተጎዳ እግር የደም እጥረቱን ሕመም በወጉ አያሰማም፤ ጫማ ሲልጠውም ሆነ ፍም ሲያቃጥለው ባለቤቱ አያውቅም። ቁስሉ የሚታየው ካልሲ ሲወልቅ ነው።

አሁን ወደ አዩርቬዳ ልምጣ። በዚህ ትምህርት መሠረት በሰውነት ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ ሁሉ የሚገዛው ቫታ የተባለው ኃይል ነው። ከአምስቱ የቫታ ዓይነቶች አንዱ ቭያና ይባላል፤ መቀመጫው ልብ ሆኖ ደምን ወደ መላው አካል የሚያዳርሰው እሱ ነው። እጅና እግር ሲቀዘቅዝ፣ ቆዳ ሲደርቅ፣ ጣት ሲደነዝዝ ቫታ ታውኳል ይባላል። እስከዚህ ያለውን የትኛውም ክሊኒክ ይነግርዎታል። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ቫታ በሁለት መንገድ ይታወካል ይላል፤ አንድም አካል ተሟጥጦ ሲደርቅ፣ አንድም የሚሄድበት መንገድ ሲዘጋበት። ለመጀመሪያው ዘይት፣ ሙቀትና የሚያፋፋ ምግብ ይታዘዛል። ለሁለተኛው ግን አስቀድሞ መንገዱን የዘጋው ነገር ታውቆ መነሣት አለበት። የተዘጋውን እንደ ደረቀ ቆጥሮ ዘይት ማፍሰስ በራሱ በአዩርቬዳ ሕግ ስሕተት ነው።

ለዚህ ነው የ14 ቀኑ ዝርዝር ያናደደኝ። እናትዎን ማንም አላያቸውም። እግራቸውን የዳሰሰ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት የጠየቀ የለም። ልጅ ስለ እናቷ በተናገረችው ላይ ብቻ ተመሥርቶ አልቅት ድረስ ታዘዘ። እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች እንዲህ አይሠሩም ነበር።

ህንድ፣ ጉጃራት ውስጥ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የአርባ ዓመት ገደማ የቀን ሠራተኛ በወንድሙ ተደግፎ መጣ። በቴንዱ ቅጠል የሚጠቀለለውን ቢዲ የሚባል ትንባሆ ከልጅነቱ ጀምሮ ያጨሳል። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጠቁሯል፤ ሌሊት እግሩን ከአልጋ ወደ ታች አንጠልጥሎ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። ቤተሰቡ የመጣው ለዘይት ሕክምና ነበር፤ ዘይቱም ሞቆ ቀርቦ ነበር። መምህራችን ተንበርክከው ሁለት ጣታቸውን ከእግሩ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ጅማት ጎን አሳረፉ። ከዚያ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ፣ ከዚያ ከጉልበቱ በስተኋላ፣ በመጨረሻም ብሽሽቱ ላይ። በየቦታው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። ምት የተገኘው ጉልበቱና ብሽሽቱ ላይ ብቻ ነው። ዘይቱ እንዲነሣ አዘዙና በዚያው ቀን ደብዳቤ ጽፈው ወደ ቀዶ ሐኪሞች ላኩት። በሽታው በ1908 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኒው ዮርክ ውስጥ ሊዮ ቡርገር የተባለ ሐኪም በዝርዝር ጽፎ ስሙ የተሰጠው ነው፤ ትንባሆ በሚያጨሱ በአንጻራዊነት ወጣት በሆኑ ሰዎች ላይ የእጅና የእግር ትንንሽ የደም ሥሮችን ይዘጋል። ትንባሆ ሙሉ በሙሉ ካልተተወ የሚያቆመው ነገር የለም። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በአዩርቬዳ ሆስፒታሎች አዘውትረው የሚመደቡት ቫታራክታ በሚባለው ሕመም ሥር ነው፤ መጽሐፉም ይህን ሕመም ሲገልጽ የታወከው ደም የቫታን መንገድ ይዘጋል ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መምህራችን ያደረጉት ከትምህርታቸው መውጣት አልነበረም።

እናትዎ አያጨሱ ይሆናል፤ ምርመራው ግን ያው ነው፤ የሚጀመረውም ደሴ ነው። ሪፈራል ሆስፒታል ሄደው የውስጥ ደዌ ሐኪም እንዲያያቸው ያድርጉ። ሐኪሙ አሁን የገለጽኩትን የእግር ምት ዳስሶ ማየት አለበት። ቀጥሎ የሚጠየቀው ቀላል መለኪያ ነው፤ የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰርና የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። ጤናማ እግር ላይ ውጤቱ ወደ 1 ይጠጋል፤ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል። በስኳር ታማሚዎች ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የደም ቅዳው ግድግዳ በካልሲየም ደርቆ በመለኪያው አልጨመቅ ስለሚል ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ከ1.4 በላይ ቢወጣ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ያኔ የጣት ግፊት ወይም የደም ፍሰትን የሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። እዚያ ካልተገኘ አዲስ አበባ መምጣታቸው ለአሥራ አራት ቀን ሻርጃ ከመምጣት ይቀድማል፤ ወጪውም ያነሰ ነው።

ለነርቩ ደግሞ በቀጭን የናይለን ክር የእግራቸው መዳፍ ስሜት ይፈተን። ከደም ምርመራው መካከል ቫይታሚን ቢ12 እንዳይረሳ። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ የዚህን ቫይታሚን መጠን ሊያወርድ ይችላል፤ የቢ12 ማነስ ራሱ እግር ያደነዝዛል። ለዓመታት "የስኳር ነርቭ ነው" ተብሎ የታለፈ መደንዘዝ የቢ12 ማነስ ሆኖ ሲገኝ ማየት ያሳዝናል፤ በመርፌ ወይም በክኒን የሚታከም ነገር ነውና። የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ፣ ኩላሊት፣ ኮሌስትሮል፣ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም አብረው ይታዘዙ።

አሁን ክሊኒኩ ወደ ዘረዘረልዎት አንድ በአንድ ልሂድ።

ከሁሉ የምወደው ዘይቱን ነው። በሥርዓቱ የተዘጋጀ የአዩርቬዳ ዘይት ከሱቅ የተገዛ የማሻ ዘይት አይደለም። መሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰሊጥ ዘይት ነው። በተለመደው ቀመር አንድ እጅ የተወቀጠ የዕፅ ሊጥ፣ አራት እጅ ዘይትና አሥራ ስድስት እጅ የዕፅ ፍል አንድ ላይ ይጣድና በለሰለሰ እሳት ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ይማሰላል። መድረሱን የሚያውቀው ሠራተኛ ሰዓት አያይም። ከድስቱ ሥር ትንሽ ሊጥ ያወጣና በሁለት ጣቱ መካከል ያሾረዋል፤ እንደ ጧፍ ክር ከተጠቀለለ ደርሷል። ከዚያ እሳት ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሳይንጣጣ ከነደደ ውሃ አልቀረበትም። ዘይቱም ላይ በዚያን ጊዜ አረፋ ይወጣል። የኬረላ ሰዎች በዚህ ሥራ የተካኑ ናቸው፤ ከ1902 ጀምሮ ኮታካል ውስጥ ያለውን አርያ ቫይድያ ሳላን የመሳሰሉ ተቋማት ስማቸውን ያተረፉት በዚህ ነው። ለቫታራክታ ከሚታወቁት አንዱ ፒንዳ ታይላም ሲሆን ማንጂሽታ ከሚባለው ሥር የተነሣ ቀይ፣ ሰም ስላለበት ደግሞ ወፈር ያለ ነው።

ታዲያ ይህ ዘይት ምን ያደርጋል? የደረቀ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ስንጥቅን ይከላከላል፣ የተጨናነቀ ጡንቻን ያፍታታል፣ ለተወሰነ ጊዜ የቆዳን የደም ፍሰት ጨምሮ እግርን ያሞቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የስኳር ታማሚ ተረከዝ ሳይሰነጠቅ መቆየቱ ብቻውን ከብዙ ቁስል ያድናል። ነገር ግን የጠበበ ደም ቅዳ በመታሸት እንደሚከፈት ያሳየ አስተማማኝ ጥናት የለም። ይከፈታል የሚልዎት ሰው ካለ ከሙያው በላይ እየተናገረ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ደግሞ ጨርሶ መታሸት የለበትም፤ በደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ በመታሸት ተነቅሎ ሳንባ ላይ ሊሄድ ይችላል።

እንፋሎቱን በአጭሩ፦ አይሆንም። ቻራካ ሳምሂታ መታጠን የማይገባቸውን ሰዎች ሲቆጥር የስኳር ሕመምተኞችን በስም ይጠቅሳል። ምክንያቱ ዛሬ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ የደነዘዘ እግር ቃጠሎ አይሰማውም፣ ደም ያነሰው እግር ደግሞ ቃጠሎውን አያድንም። ደሴ ብርድ ነው፤ እናትዎ እግራቸውን ለማሞቅ ምድጃ ዳር መቀመጥ፣ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው አልጋ ውስጥ ማስገባት፣ በሙቅ ውሃና ጨው መዘፍዘፍ ለምደው ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ደውለው ያስቁሟቸው። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

አልቅቱን በተመለከተ፣ ሱሽሩታ ሳምሂታ የተባለው ሌላው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ አሥራ ሁለት ዓይነት ለይቶ ስድስቱን መርዛማ፣ ስድስቱን ለሕክምና የሚሆኑ ይላቸዋል። ቻራካም ደም በአልቅት፣ በመርፌ፣ በቅል ወይም በቀንድ ይወጣል ይላል፤ ቀንዱ የእኛ ዋገምት መሆኑን ሲያነቡ ሳይገርምዎት አይቀርም። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ግን ቫታ ለበረታበት፣ አካሉ ለደረቀና ለደከመ ሰው ደም እንዳይወጣ ያስጠነቅቃል። በዘመናዊው ሕክምና በኩል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አልቅትን በ2004 ፈቅዷል፤ የፈቀደው ግን ተቆርጦ በተሰፋ ጣት ወይም በተተከለ ቆዳ ላይ ደም ገብቶ መውጫ ሲያጣ ነው። በእናትዎ ላይ የምንጠረጥረው ግልባጩን፣ ደሙ መግቢያ ማጣቱን ነው። ከዚህ ሌላ በአልቅት አንጀት ውስጥ የሚኖር ኤሮሞናስ የተባለ ባክቴሪያ አለ፤ የንክሻው ቦታም ለሰዓታት ሊደማ ይችላል። ደም ባነሰው የስኳር እግር ላይ ቁስል በፈቃድ መክፈት ይቅርታ የሌለው ነው።

እንክብሎቹ ላይ ልቆይ፤ ልላክላቸው ብለው ያሰቡት እነሱን ስለሆነ። ስማቸውን አልጻፉልኝም፤ ለእንዲህ ዓይነት ሕመም ግን ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ጉጉል እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ምናልባት ካይሾራ ጉጉሉ የተባለው። ጉጉል በራጃስታንና በጉጃራት ደረቅ መሬት ከሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ የሚወጣ ሙጫ ነው። የእኛ ከርቤ የሚገኝበት ዛፍ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሽታውም ያንን ያስታውሳል። ሙጫው ከተጣራ በኋላ ከዝንጅብል፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከእኛ ጥምዝ ጋር ከሚዛመደው የህንድ ረጅም ቁንዶ በርበሬ፣ ጉዱቺ ከሚባለው ሐረግና ከሌሎች ጋር ይወቀጣል። በ1960ዎቹ ባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጥንቸል ላይ የተሠራ ምርምር ጉጉል የደም ስብ ይቀንሳል የሚል ተስፋ ፈጥሮ ነበር። በ2003 አሜሪካ ውስጥ በሰዎች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት ግን ጎጂውን ኮሌስትሮል እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም በጥቂቱ ከፍ እንዳደረገው አሳይቷል፤ የተወሰኑት ላይም ሽፍታ አውጥቷል። እኔ ጉጉልን ለመገጣጠሚያ ሕመም አዝዛለሁ። ለጠበበ ደም ቅዳ በኮሌስትሮል መድኃኒት ፋንታ ግን አላዝም፤ ማንም ቢያዝ አልስማማም።

ጉጉል በጉበት የሚብላሉ መድኃኒቶችን ጉልበት ይለውጣል፤ ደም የሚያቀጥኑትን ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ከሚወስድ ሰው ጋር ያለ ሐኪም ክትትል አይገናኝም። ጉዱቺ ስኳር ስለሚያወርድ ከስኳር መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሊያዞር ይችላል፤ በኮቪድ ወቅት ሙምባይ ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ አብዝተው የጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ብረቱ ነው። ራሳ ሻስትራ የተባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ሜርኩሪን፣ እርሳስንና ሌሎች ማዕድናትን ደጋግሞ አቃጥሎ በአመድ መልክ ለመድኃኒት ያውላል። በ2004 በታተመ ጥናት ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቶባቸዋል። በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 ምርቶች መካከልም አንድ አምስተኛ ያህሉ እንደዚሁ ነበሩ። እርሳስም አርሰኒክም ነርቭ ይጎዳሉ። አርሰኒክ የደም ሥርም ይዘጋል፤ በታይዋን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ አርሰኒክ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሰዎች እግራቸው እየጠቆረ እስከ መቆረጥ ደርሰው ነበር፤ በሽታውም ጥቁር እግር ተብሎ ይታወቃል። ለደነዘዘና ለቀዘቀዘ እግር የተላከ መድኃኒት ያንኑ እግር የሚያደነዝዝና የሚያቀዘቅዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለብረት መመርመሩን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ወረቀት የሌለው፣ ወይም ስሙ ላይ ራሳ ወይም ብሃስማ የሚል ቃል ያለበት ምንም ነገር ወደ ደሴ እንዳይልኩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ታዲያ የሚረዳው ምንድን ነው? ምርመራው የደም ቅዳ መጥበብ ካሳየ ዋናው ሕክምና ሐኪሙ የሚያዘው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ደም የሚያቀጥን ክኒን፣ የስኳርና የግፊት ቁጥጥር፣ ከዚያም እርምጃ ነው። እግራቸው ላይ ቁስል ከሌለ እናትዎ ባታቸው ሕመም እስኪይዛቸው ይራመዱ፤ ጠንከር ሲል ይቁሙ፤ ሲለቃቸው እንደገና ይሂዱ። ዕረፍቱን ጨምሮ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። በመራመድ ብዛት ጡንቻው ያለውን ደም በደንብ መጠቀም ይለምዳል፤ ያለ ሕመም የሚሄዱት ርቀትም ይረዝማል። ይህን ያህል የተፈተነ ነገር በእኔ የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ የለም። ሱሽሩታም የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ድኻ መቶ ዮጃና (የጥንት ህንድ የርቀት መለኪያ ነው) በእግሩ ይጓዝ ይላል፤ ያለ ጫማና ያለ ጥላ። መጓዙን ይያዙለት፤ ያለ ጫማ የሚለውን ግን አይቀበሉት። ስሜት ያጣ እግር ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶው መሬት መርገጥ የለበትም።

ምግባቸው ላይ ከአዩርቬዳ የምወስድላቸው ገብስን ነው። ቻራካ ለስኳር ሕመም ዋናው እህል ገብስ ይሁን ይላል፤ ለወሎ እናት ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሳይሰለቅ በደንብ ያልተፈተገ የገብስ ቂጣ፣ ቅንጬ፣ ቆሎ፣ ያለ ስኳርና ያለ ማር። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በወጥ ልክ ደግ ናቸው፤ በእንክብል ተጨምቀው ደም ከሚያቀጥን ክኒን ጋር ግን አይደረቡ። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ውጭ ያጭስ። ጫት ከቃሙ ደግሞ ይተውት፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የደም ሥርን ያጠባል።

ቁስል ከሌለና ሐኪሙ ከፈቀደ የዘይቱን በረከት ቤታቸው ያግኙት። ማታ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፤ ሙቀቱን ራሳቸው በእግራቸው ሳይሆን ሌላ ሰው በክርኑ ይፈትነው። በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ይደረቅ። ከዚያ ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት ለብ ተደርጎ ከተረከዝ እስከ ባት በቀስታ፣ ሳይጫኑ ይቀባ። በጣቶች መካከል ግን ዘይት አይግባ፤ እርጥበት ፈንገስ ያመጣል። የሚያንሸራትት ዘይት እግር ላይ እያለ አይነሡ፤ ካልሲ ያድርጉ። ቻራካ ይህን የእግር ቅባት ሻካራነትን፣ ግትርነትንና መደንዘዝን ያስታግሳል ብሎ ያሞግሰዋል። እኔ ለሌላ ጥቅሙ ነው የማዝዘው፤ የሚቀባ ሰው የእናትዎን እግር በየማታው ያያል፣ ይዳስሳል፤ ትንሽ መላጥ ወይም መቅላት ቢኖር በማግስቱ ይታወቃል። እዚያ ያለ የልጅ ልጅ ወይም እህት ካለች ይህን ሥራ አደራ ይበሏት።

ምርመራው አልቆ ደም ቅዳቸው ደህና ሆኖ ቢገኝ፣ እርስዎም ሊያመጧቸው ቢፈልጉ አልቃወምም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የአዩርቬዳ ሐኪሞችን በጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ነው የምታሠራው፤ ፈቃዱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ህንድ ውስጥ የሙያው ዲግሪ ልምምዱን ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ የማሳጅ ሠራተኛና ሐኪም አንድ አይደሉም። ሐኪሙ እናትዎን ራሱ ሳያይ ዋጋ ከነገረዎት፣ የእግራቸውን ምት ሳይዳስስ ዘይት ካቀረበ፣ ወይም የስኳር መድኃኒታቸውን ያቁሙ ካለ ቦርሳዎን አንሥተው ይውጡ። የመጨረሻውን የሚል ሰው የትኛውንም ሕክምና አልተማረም።

እስከዚያው ድረስ ለቤተሰቡ አንድ ነገር ያስጠንቅቁ። አንዱ እግር በድንገት በረዶ ቢሆን፣ ቢገረጣ ወይም ቢጠቁር፣ ከባድ ሕመም ቢነሣ ወይም ጣት ማንቀሳቀስ ቢያቅታቸው በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ፤ እግሩን ለማዳን ያለው ጊዜ በስድስት ሰዓት የሚቆጠር ነው። የማይድን ቁስል፣ የሚጠቁር ጣት፣ ወይም ሌሊት እግር ተንጠልጥሎ ካልሆነ የማይለቅ ሕመምም ቀጠሮ አይጠብቅም።

የሁለቱም እግሮች መለኪያ ቁጥር፣ የቢ12 ውጤታቸው፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ እንዲሁም ክሊኒኩ የሰጠዎት የሦስቱ እንክብሎች ስም ሲደርስዎ ጽፈው ይላኩልኝ። የትኛው ዘይት እንደሚስማማቸው፣ ከእንክብሎቹም የሚቀር ካለ የቱ እንደሆነ ያኔ ለይቼ እነግርዎታለሁ።